ተመልካቹና ባላጋራው
የአገር ለአገር የኳስ ፉክክር ከቆቦና ከራያ ቆላ ሲታይ

የኳስ ጨዋታ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የተጫዋቾቹና የግቦቹ ታሪክ ነው። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ አገባ፣ ዋንጫውን ማን አነሣ የሚለው ተመዝግቦ ይገኛል። በሜዳው ዙሪያ ቆሞ የጮኸው፣ ከሜዳውም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ያዳመጠው ሕዝብ ግን ከታሪኩ ውጪ ይቀራል። ይሁን እንጂ አንድ ግጥሚያ የሁለት አገሮች ፉክክር የሚሆነው በተጫዋቾቹ እግር ብቻ ሳይሆን በተመልካቹም ልብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከሌሎች ባላጋራዎቿ ጋር ያደረገቻቸውን ታላላቅ ግጥሚያዎች ከተመልካቹ በኩል፣ በተለይም ከቆቦና ከራያ ቆላ ሆኖ መመልከት ነው።

ቆቦን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማው ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌና ወደ አስመራ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው የደጋ ግድግዳ ያጥሩታል፤ በመካከል ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። በዚህ ሜዳ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማርኛ ተናጋሪውና ትግርኛ ተናጋሪው፣ አርሶ አደሩና ከምሥራቅ የሚመጣው የአፋር ግመለኛ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ነጋዴም ዜናም ጦርም በዚሁ መንገድ አልፏል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የተነሣ የደስታ ጩኸት ምን ያህል ርቆ እንደሚሰማ፣ ከተሰማም በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ ለመመዘን ከቆቦ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። መልስ የምንፈልግለት ጥያቄ አንድ ነው፤ በውጭ ባላጋራ ላይ አብሮ የጮኸ ሕዝብ እርስ በርሱ ለመስማማት ያ ጩኸት ይበቃዋልን?

የገና ሕግ

እግር ኳስ ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሕዝቡ በሁለት ወገን ተከፍሎ የሚፎካከርበት ጨዋታ ነበረው፤ ይኸውም የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ የተቆለመመው በትር ገና ይባላል፤ የምትመታው ኳስ ደግሞ ሩር ትባላለች። ተጫዋቾቹ በአጥቢያ፣ በመንደር ወይም በዕድሜ ይከፈሉና ሩሯን ከባላጋራቸው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ስፋት በገመድ አይለካም። በራያ ቆላ ወቅቱ ማሽላው ተሰብስቦ መሬቱ ገላጣ የሚሆንበት ስለሆነ ሩጫውን የሚገታው ነገር ጥቂት ነው።

ለጉዳያችን ቁም ነገሩ ግን ከጨዋታው አካሄድ ይልቅ የተመልካቹ ጠባይ ነው። ያሸነፈው ወገን በተሸነፈው ላይ ይገጥማል፤ የተሸነፈውም አጸፋውን ይመልሳል። በሌላ ቀን ቢነገር ለደም የሚያበቃ ፌዝ በዚያን ዕለት ይነገራል፤ ተሰዳቢውም ይስቃል፤ ባይስቅ እንኳ ይችላል። በቀድሞው ዘመን ባላባቱም ቢሆን በገና ዕለት ከጭሰኛው አፍ የሚወጣውን ቀልድ በቁጣ እንዳይመልስ ልማዱ ያስረው ነበር። ጌታ በገና አይቆጣም የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ነጻነት ገደብ ነበረው። በወቅቱ ይጀምራል፣ ከወቅቱም ጋር ያልቃል። ሰዳቢና ተሰዳቢ ይተዋወቃሉ፤ በማግሥቱ በአንድ ደቦ ይውላሉ፤ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ፉክክሩ የሚፈቀደው ጎረቤትነቱ ከጨዋታው በፊት ስለነበረና ከጨዋታውም በኋላ ስለሚቀጥል ነው። ከዚህ በኋላ በምንጽፈው ሁሉ ይህን ልማድ የገና ሕግ ብለን እንጠራዋለን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ኢትዮጵያና ግብፅ በኳስ ሜዳ ከመገናኘታቸው በፊት በብዙ ሌላ ሜዳ ተገናኝተዋል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ተዋግተዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከእስክንድርያ መንበር ሲላክላት ከኖረች በኋላ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለሁለት ሲከፋፈሉ አብዛኛው ውኃ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረችም። በኳሱም በኩል ቢሆን ሚዛኑ ወደ ግብፅ ያደላ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም በዚያው ውጤት ደገመቻት።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ ተወዳዳሪዎቹ ኢትዮጵያ፣ ዩጋንዳ፣ ቱኒዝያና በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን እሑድ ነበር፤ የጥምቀት በዓል ካለፈ ገና ሁለተኛው ቀን ነው። ጊዜው ከልደት እስከ ጥምቀት የሚዘልቀው የገና ጨዋታ ወቅት በሚያበቃበት ሰሞን ላይ ውሎ ነበር። በስታዲዮሙ 30 ሺህ ያህል ተመልካች እንደተገኘ ይነገራል።

ግብፅ በበደዊ አብዱልፈታሕ ግብ መራች። በሁለተኛው አጋማሽ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆን፣ ከዚያም በ8 ግብ ዕዳ ሁለት ውድድር የበላችውን አገር ማሸነፍ ለተመልካቹ ከኳስ ውጤት በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዋንጫውን ያነሣው አምበል አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ሰው ነው። ፍጻሜው በተደረገበት ቀን በኤርትራ የተነሣው የትጥቅ ትግል አምስት ወር አልሞላውም ነበር። ዋንጫው ከተነሣ አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ጦርነቱም 30 ዓመት ቆየ። በአንድ ስታዲዮም አብረው የጮኹ ሰዎች ልጆች በዚያ ጦርነት በሁለት ወገን ተሰለፉ። ወደ ግንባሩ የሚሄደው ጦር የጫነ መኪና አንዱ መተላለፊያው ቆቦ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም በኋላ አገሩን ለቅቆ በጣሊያን ኖረ፤ በዚያው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ።

ድምፁ እስከ የት ደረሰ?

በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከስታዲዮሙ ውጪ ያለው ሕዝብ ስለ ጨዋታው መስማት የሚችለው በራዲዮ ብቻ ነበር። በአዲስ አበባና በቆቦ መካከል ያለው ርቀት በአየር መስመር ሲለካ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የራዲዮ ሞገድ ይህን ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ድምፅ በአየር ውስጥ ሲጓዝ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተመልካች የባልንጀራውን ጩኸት የሚሰማው ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ስለሆነም ማይክሮፎኑ ለጯሂው ቅርብ ከሆነ፣ በራያ ቆላ ራዲዮ የከፈተ ሰው ያንን ጩኸት በስታዲዮሙ ማዶ ከተቀመጠው ሰው ቀድሞ ሊሰማው ይችላል። ይህ ስሌት ለመሐንዲሶች አዲስ አይደለም፤ ለታሪክ ግን ፍቺ አለው። ራዲዮ የስታዲዮሙን ግድግዳ አፍርሶ ቆላውንና ከተማውን በአንድ ቅጽበት አስቀምጧልና።

ይሁን እንጂ ሞገዱ በሁሉም ቦታ ቢያልፍም መቀበያው በሁሉም ቤት አልነበረም። ትራንዚስተር ራዲዮ በዓለም ገበያ ላይ ከዋለ ያኔ ከ10 ዓመት ያነሰ ጊዜ ነበር። በገጠር ከተሞች አንድ ራዲዮ የአንድ ቤት ዕቃ ሳይሆን የአንድ ሰፈር ዕቃ ነበር። በሻይ ቤት ወይም በሱቅ ደጃፍ ይቀመጣል፤ የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ለዜናና ለታላቅ ጉዳይ ብቻ ይከፈታል። የጨዋታውን ወሬ የሰማው ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ በገበያ ቀን ወደ ገጠር ይዞት ይገባል። በዚህ ዓይነት የግቡ ድምፅ በሺህኛ ሰከንድ ቆቦ ቢደርስም፣ ወሬው ወደ ዞብል ለመውጣት የሚጓዘው በእግረኛና በግመል ፍጥነት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። መቀበያው በዝቷል፤ አንድነቱ ግን ሳስቷል። ወደ ሳተላይት ወጥቶ የሚመለስ ምልክት 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ በዲጂታል ዘዴ ሲቀናበር ደግሞ ሌላ ብዙ ሰከንድ ይጨመርበታል፤ በእጅ ስልክ የሚመለከተው ከሁሉ ይዘገያል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቤቶች ግቡ የሚገባው በተለያየ ጊዜ ነው። አንዱ ቤት ሲያብድ ሌላው ቤት ገና ኳሷን በመሐል ሜዳ ያያል። ሰዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከጎረቤት ጩኸት ሲሰሙ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ላይ አድርገው ተነሥተው ይጠብቃሉ።

ከ1980 እስከ 2005 ዓ.ም.

ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቡን ያን ያህል ያነቃነቀ ድል ለማየት ብዙ ዘመን አልፏል። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅታ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። የዚያ ቀን ደስታ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ከተጫዋቾቹ እኩል በጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። የራያ ሰው ያን ድምፅ የሰማው በ1977ቱ ረኃብ የተራበውና የሞተው ሕዝብ ገና ሳይረሳ ነበር። በሰሜን ያለው ኮረም በዓለም የታወቀው በዚያ ረኃብ ነው። ዋንጫው ከተነሣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፋቤት ከጦርነቱ ታላላቅ ውጊያዎች አንዱ ተደረገ።

ቀጥሎ የሚነሣው ከሱዳን ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. በካርቱም ሱዳን ኢትዮጵያን 5 ለ 3 አሸነፈች። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቧቸው ግቦች ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ቢሆንም ከሜዳ ውጪ ባገባቻቸው ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

በዚያ ቀን በቆቦ የነበረውን እኔም አይቻለሁ። ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤትና ምግብ ቤት ሁሉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይመለከት ነበር። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ጄኔሬተር አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ግብ ሲገባ ወንበር ላይ የቀረ አልነበረም። ጨዋታው ሲያልቅ ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ዋናውን መንገድ ያዙ፤ ከባድ መኪኖችም ቆመው አጀቧቸው። ከመስጊድ የመጣውና ከቤተ ክርስቲያን የመጣው፣ በአማርኛ የሚጮኸውና በትግርኛ የሚጮኸው ተቃቅፎ ዘለለ። ከአላማጣ የመጡ ነጋዴዎችም በመካከሉ ነበሩ። ያ ደስታ የውሸት ነበር ለማለት የሚደፍር ካለ በቦታው ያልነበረ ነው።

የአፍሪካ ዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ይኸውም ዋንጫው በተነሣ በ51 ዓመቱ በዚያው ዕለት ነው። በዚያ አገር በሥራ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ስታዲዮሙ ጎርፈው ነበር። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆነ። ሆኖም በረኛው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከተመልካቹ መካከል ወደ ሜዳው ዕቃ የወረወሩ ስለነበሩ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፌዴሬሽናችንን በገንዘብ ቀጣ። ደስታና ቁጣ ከአንድ ጉሮሮ እንደሚወጡ ያ ቀን ያሳያል።

የቅርቡ ባላጋራ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሩቅ ባላጋራ ነው። ባላጋራው ጎረቤት ሲሆንስ? በወልድያ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲዮም በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለሰሜን ወሎ ሕዝብ ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ የቆቦ ሰውም ታላላቅ ክለቦችን ለማየት 50 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ብቻ በቃው። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቀሌ ከተማ ቡድኖች በዚሁ ስታዲዮም ሊጋጠሙ በተቀጠሩበት ቀን በደጋፊዎች መካከል ጠብ ተነሣ። ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ፤ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ።

ከወልድያ እስከ መቀሌ ያለውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ክብደት ይገባዋል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቆቦ፣ አላማጣና ማይጨው ናቸው። በነዚህ ከተሞች ያልተጋባና ያልተዋለደ፣ አበልጅ ያልሆነ፣ በገበያ ያልተበዳደረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ2005 ዓ.ም. በሱዳን ላይ አብሮ የጮኸው ያው ሕዝብ ነው። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ጩኸቱ ወደ ውስጥ ዞረ። ሁለቱም ወገን በስታዲዮሙ ጠብ የጨመረው ከስታዲዮሙ ውጪ ያመጣውን ቅሬታ ነው። የገና ሕግ ይህን የሚከለክለው ቅሬታን ሰው እንዳይኖረው በማድረግ ሳይሆን ቅሬታውን ወደ ጨዋታው ይዞ እንዳይገባ፣ ከጨዋታውም ይዞት እንዳይወጣ በማድረግ ነበር።

የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ራያ ቆላ ወረደ። ጳጉሜን 4 ቀን በቆቦ ሲቪል ነዋሪዎች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። በዚሁ ጦርነት ሁለተኛ ዓመት፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል አመነጨ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በዳዋ ሁቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ግድቡ በሁለቱ አገሮች መካከል ያስነሣው ክርክር ትኩስ ስለነበር ሕዝቡ ደስታውን ከኳስ በላይ አድርጎ ተቀበለው።

ይህ ድል ግን ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ጨዋታው ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነት የምታደርገው ሆኖ ሳለ የተደረገው በማላዊ ርእሰ ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ ያሟላ ስታዲዮም ስላልነበረ። ተመልካቹ በአገሩ ቆይቶ ቡድኑ ተሰደደ ማለት ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ከድሉ 76 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ በራያ ቆቦ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። ነሐሴ 16 በራያ ቆቦ የሶለል በዓል መጀመሪያ ነው። ልጃገረዶች በየደጁ የሚዘፍኑበት ሳምንት የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሚሰማበት ሳምንት ሆነ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን አካባቢው ሙሉ ሰላም አላገኘም።

የሌላው ዓለም ምስክርነት

የፉክክር ጨዋታ ከጨዋታ በላይ ሸክም ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ሌሎችም አይተዋል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በበረዶ ላይ የሚደረግ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በትሩ ጫፉ የተቆለመመ፣ ትግሉ ብርቱ ስለሆነ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 የሶቪየት ኅብረትና የአጋሮቿ ጦር ቼኮዝሎቫኪያን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር በስቶክሆልም በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የቼኮዝሎቫኪያ ቡድን ሶቪየቶችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ 2 ለ 0 እና 4 ለ 3 አሸነፈ። ከሁለተኛው ድል በኋላ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በየከተማው አደባባይ ወጣ፤ በፕራግ የሶቪየት አየር መንገድ ቢሮ ተሰባበረ። በዚያው ምክንያት ግፊቱ በረታና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የለውጡ መሪ ዱብቼክ ከሥልጣን ወረዱ። የአንድ ሌሊት ደስታ ጦሩን አላስወጣም፤ ያው ጦር 20 ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያው ዓመት በመካከለኛው አሜሪካ ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ፤ በየጨዋታው የደጋፊው ጠብ እየበረታ ሄደና በሐምሌ ወር አራት ቀን የፈጀ ጦርነት ተዋጉ። ምክንያቱ ኳሱ አልነበረም፤ የመሬትና የስደተኞች ጉዳይ ነበር። ኳሱ ግን ለተጠራቀመው ጥላቻ መፍሰሻ ቦይ ሆነ። ከነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምንረዳው ጩኸቱ ጠብን እንደማይፈጥር፣ ጠብንም እንደማያስታርቅ ነው። ያለውን ነገር አጉልቶ ያሰማል፤ ከዚያ አልፎ የሚሠራው ሥራ የለም።

ምን ይሠራ?

ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። አብሮ መጮህ አብሮ ለመኖር አይበቃም። ሆኖም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በቆቦ መንገድ ላይ የተቃቀፉት ሰዎች አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለራሳቸው አሳይተዋል። የጎደለው ያን ቅጽበት ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሥርዓት ነው። ሥርዓት ደግሞ እንደ ድልድይ ታስቦ ይሠራል እንጂ በራሱ አይበቅልም።

በዚህ ረገድ የሙያ ባልደረቦቻችን ድርሻ አለባቸው። ስታዲዮም ሲነደፍ የወንበሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች መግቢያና መውጫ መለየቱ፣ ሕዝቡ በስንት ደቂቃ ወጥቶ እንደሚያልቅ መሰላቱ፣ የግድግዳውም ጥንካሬ መመርመሩ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራሰልስ በሄይሴል ስታዲዮም 39 ሰዎች የሞቱት የደጋፊዎች ጠብ ከአሮጌ ግድግዳ ጋር በተገናኘበት ቦታ ነው። የአገራችን ስታዲዮሞችም መመዘኛውን ቢያሟሉ ኖሮ በ2014 ዓ.ም. ግብፅን ያሸነፈው ቡድን በሕዝቡ ፊት ባሸነፈ ነበር።

ከግንባታው ይልቅ የሚከብደው ግን ልማዱን መልሶ ማቆም ነው። ራያ ለዚህ ባዶ አይደለም። በደቡብ ትግራይ ራያና በአፋር መካከል የደም ጉዳይ ሲነሣ አቦ ገረብ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጨርሱ እንደነበር የታወቀ ነው። የቆቦ፣ የአላማጣ፣ የማይጨውና የአፋር አጎራባች ወረዳዎች ወጣቶች ማሽላው በሚሰበሰብበት ወቅት በየተራ በየአንዳቸው ሜዳ ቢጋጠሙ፣ ከዳኛው ጎን እነዚህ ሽማግሌዎች ቢቀመጡ፣ እንግዳው ቡድን በአስተናጋጁ ወላጆች ቤት ቢያድር፣ የገና ሕግ ወደ እግር ኳስ ሜዳ ሊገባ ይችላል። ሰው ራቱን በቤቱ የበላበትን ሰው ሊያሾፍበት ይችላል፤ ድንጋይ ሊወረውርበት ግን ይከብደዋል። ወጪውም ከአንድ ስታዲዮም አንድ ማዕዘን አይበልጥም።

ወደፊትም ከግብፅ ጋር፣ ከሱዳን ጋር፣ ከሌላም አገር ጋር መጋጠማችን አይቀርም፤ የራያ ሰውም እንደ ልማዱ ሥራውን ጥሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሮጣል። በዚያን ቀን በቆቦና በአላማጣ የሚሰማው ጩኸት አንድ ይሆናል። ያ ጩኸት ካበቃ በኋላ በማግሥቱ የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎች በሰላም በአንድ መንገድ ተጉዘው በአንድ ገበያ ከተገናኙ፣ እንኳን ያሸነፍነው የተሸነፍነውም ጨዋታ ጠቅሞናል ማለት ነው።